ያዓን ከነቀምት ማየት፦ ምናባዊ እውነታና የምዕራብ ኢትዮጵያ እስላማዊ ቅርስ

በነቀምት ከተማ የወለጋን ሙዚየም የጎበኘ ሰው የአካባቢውን ሕዝብ ባህል የሚያስረዱ የቤትና የሥራ ዕቃዎችን አይቶ ሲያበቃ፣ አርበኞች መትተው የጣሉት የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ዘንድ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ወጥቶ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ይመለከታል፤ የሌቃን ባላባቶች ታሪክም ይሰማል። ሁለቱም በከተማዋ ውስጥ ስለሆኑ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ። ከነቀምት ወደ ምዕራብ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አልፎ ወደ ቤጊና ወደ ቶንጎ አገር የሚዘልቀው መንገድ ግን ሌላ የወለጋ ታሪክ የተጓዘበት ነው። በዚህ አቅጣጫ ብዙ ትውልድ፣ ቀድሞ በእግሩ፣ ኋላም በመኪና፣ ወደ ያዓ ለዚያራ ሄዷል።

ያዓ የሸይኽ አልፈኪ አሕመድ ዑመር (ረሒመሁላህ) ማረፊያ ነው። «ፈኪ» በሱዳን አነጋገር ቁርኣን ለሚያስቀራ መምህር የሚሰጥ ስያሜ ነው። ሸይኹ ትውልዳቸው በዛሬዋ ናይጄሪያ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በቦርኑ ሲሆን፣ በሱዳን በኩል ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገብተው በወለጋና በጅማ አካባቢ የቲጃንያን ጠሪቃ ካስፋፉት ሊቃውንት መካከል ስማቸው ጎልቶ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ያዓ ላይ አረፉ። ስለ እርሳቸውና ስለ ተከታዮቻቸው ከጻፉት ምሁራን መካከል ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሚናኮ ኢሺሃራ ትጠቀሳለች። አሶሳ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ በነበረበት ዘመን አካባቢው ከነቀምት ይተዳደር ነበር፤ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ይገኛል። የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ የዘያሪው መንገድ አልተለወጠም፤ ዘያሪው አሁንም ከጅማ፣ ከወለጋና ከሌሎችም አገሮች የሚነሣ ነው። ሆኖም ባለፉት ዓመታት በምዕራቡ የአገራችን ክፍል የደረሰው ግጭት ጉዞውን ለብዙዎች አስቸጋሪ አድርጎታል። አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ሰላም በነበረበት ጊዜም ቢሆን ከመንገዱ ይቀሩ ነበር።

በሌላው ዓለም ሩቅ የሆኑ የታሪክ ሥፍራዎችን በቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ በሚባለው ዘዴ፣ ለሕዝብ ማሳየት ከተለመደ ሰንብቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ዘዴ እንደ ያዓ ላለ ሥፍራ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል ነው። ጉዳዩ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመሐንዲሶች በተውነው ነበር። ዚያራ ምንድን ነው፣ ቅርስስ የማን ነው የሚሉ ጥያቄዎችን ስለሚያስነሣ ግን የዚህ መድረክ ጉዳይ ሆኗል።

ሩቁን ቦታ በሥዕል ማቅረብ በሙስሊሞች ዘንድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1465 ያረፉት የሞሮኮው ሊቅ ሙሐመድ አልጀዙሊ ያዘጋጁት ደላኢሉል ኸይራት የተባለው የሶለዋት ኪታብ፣ በአገራችንም በእጅ እየተገለበጠ ሲቀራ የኖረ ነው። በብዙ ቅጂዎቹ ውስጥ የመዲናው ረውዳ ሥዕል ይገኛል፤ በኋለኞቹ ዘመናት ቅጂዎች ደግሞ መካና መዲና ጎን ለጎን በሁለት ገጽ ተሥለው ይታያሉ። ሥዕሉ ጌጥ ብቻ አልነበረም። መዲናን አይቶ የማያውቅና የማየትም ዕድል የሌለው ቀሪ ሶለዋት ሲያወርድ ልቡን የሚያሳርፍበት ምልክት ነበር። ያን ገጽ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ግን መዲናን ዘየርኩ ብሎ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1861 የግብፅ ጦር መኮንን የነበረው ሙሐመድ ሳዲቅ መዲናን፣ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም መካን ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ባነሣ ጊዜ ሥዕሉ ይበልጥ ወደ እውነቱ ቀረበ፤ በሥዕሉና በዚያራው መካከል ያለው ልዩነት ግን እንደነበረ ቀጠለ። ወደ ዛሬው መሣሪያ ስንመጣ ይህን ልማድ ይዘን መምጣታችን ይጠቅመናል።

መሣሪያው በራስ ላይ የሚጠለቅ መነጽር ነው። በውስጡ ለቀኝ ዓይን አንድ፣ ለግራ ዓይን አንድ ምስል ይታያል፤ ሁለቱ ምስሎች በጥቂቱ ይለያያሉ። አእምሮ ሁለቱን አዋሕዶ ጥልቀት ያለው አንድ ዕይታ ያደርጋቸዋል። በሁለት ዓይን ማየት እንዴት አንድ ዕይታ እንደሚሆን ከሺህ ዓመት በፊት በኪታቡል መናዚር በስፋት የመረመረው ኢብኑል ሀይሠም መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ይህ ዕውቀት በሁለት የተሣሉ ምስሎች ጥልቀትን ወደሚያሳይ መሣሪያ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1838 በእንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን እጅ ነው። የኮምፒውተር ምስልን ራስ ላይ በሚጠለቅ መሣሪያ ማሳየት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ ተጀመረ። የዛሬው መነጽር ከእነዚህ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ተመልካቹ አንገቱን ሲያዞር ምስሉ ከእርሱ ጋር መዞር አለበት፤ በአንገቱና በምስሉ መካከል ያለው መዘግየት ከ20 ሚሊ ሰከንድ ብዙ ካለፈ ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋልም። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን የሚያጠልቁ አዛውንቶችን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማሳየት የሚመከረው ስለዚህ ነው።

የሚታየው ነገር በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው ዙሪያውን በሙሉ በሚያነሣ ካሜራ የተወሰደ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ተመልካቹ ግን ካሜራው በቆመበት ነጥብ ታስሮ ዙሪያውን ከማየት በቀር አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። ሁለተኛው የሥፍራውን ቅርጽ በልክ መቅረጽ ነው። የሌዘር መሣሪያ ጨረር እየላከ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይለካል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችም ተሰብስበው የሕንፃውን ቅርጽ ይሠራሉ። ፎቶግራሜትሪ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ያለ ሌዘር፣ እርስ በርሳቸው በሚደራረቡ በብዙ መቶ ፎቶግራፎች ብቻ፣ ያንኑ ቅርጽ ያሰላል። በዚህ መንገድ በተሠራ ሥፍራ ተመልካቹ ይራመዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ በር ያልፋል። ከሁሉም በላይ ልኩ ለጥገና ያገለግላል፤ ግድግዳ ቢፈርስ ስንት ክንድ እንደነበረ ይታወቃል።

በአፍሪካ በዚህ ሥራ ብዙ የደከመው በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የዛማኒ ፕሮጀክት ነው። በአገራችን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በታንዛኒያ የኪልዋ ኪሲዋኒን ታላቅ መስጂድ፣ በማሊ የጄኔንና የቲምቡክቱን መስጂዶች በልክ ቀርጿል። ኢብኑ በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 የጎበኛት ኪልዋ ዛሬ ፍርስራሽ ብትሆንም፣ የመስጂዷን ምሰሶዎችና ቅስቶች ሩቅ ያለ ተማሪ በቅርጻቸው ሊያጠናቸው ይችላል። በፓሪስ የዓረቡ ዓለም ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ከፓልሚራ እስከ ሞሱል ባሉት በጦርነት የወደሙ ከተሞች ላይ ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር፤ ጎብኚዎች መነጽር አጥልቀው የፈረሱትን ሥፍራዎች እንደ ገና ቆመው እንዲያዩ ተደረገ። በአገራችን በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት የነጋሽ መስጂድ ተመትቶ መጎዳቱን ያየ ሰው፣ ሥፍራው ከጉዳቱ በፊት የተለካ ቢሆን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት አይቸገርም።

ያም ሆኖ እነዚህ ምሳሌዎች በቀጥታ ወደ ወለጋ ሊመጡ አይችሉም ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። ላሊበላ ዓለት ነው፤ ኪልዋም ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ካሜራ የቆመና የማያብረቀርቅ ነገር ይወዳል። በምዕራቡ አገር ያሉት ብዙ ቀደምት መስጂዶችና የመቃብር ቤቶች ግን ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የተሠሩ ናቸው፤ የኋለኞቹ ደግሞ ቆርቆሮ ለብሰዋል። የሣር ክዳን በነፋስ ይነቃነቃል፤ አንዱ ዘለላም ከሌላው አይለይም። ቆርቆሮ ፀሐይን እየመለሰ ያብረቀርቃል፤ ሽንሽኑም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የተለያዩ ፎቶግራፎችን የሚያገጣጥመው ኮምፒውተር እነዚህን ሲያይ ይሳሳታል። መላ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ደመናማ ቀን መምረጥ፣ ከሌዘር ጋር ማጣመር፣ ፎቶግራፉን ማብዛት ይረዳል። በድንጋይ ሕንፃ የተገኘው ጥራት ግን ከሣር ቤት አይጠበቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከበደ ነው። የድንጋይ ሕንፃ ቅርስነቱ በድንጋዩ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ከተለካ ብዙው ተይዟል። የሣር ቤት ግን በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ሣሩን የሚያጭደው፣ ማገሩን የሚማግረው፣ ጭቃውን የሚያቦካው ሰው በሶለዋት እየሠራ ቤቱን ያድሳል፤ ቅርሱ በእርሱ እጅና አፍ ላይ ነው። የአንድን ዓመት ቤት በልክ ብንቀርጽ በተከታዩ ዓመት የተሠራውን አይመስልም። ይህን ከቲምቡክቱ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች የከተማይቱን የሷሊሖች መቃብር ቤቶች በዶማ አፈረሱ፤ ስለዚሁ ወንጀል ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ተከሳሽ በዘጠኝ ዓመት እስራት ቀጥቷል። በዩኔስኮ አስተባባሪነት ቤቶቹ ዳግም ሲሠሩ ፎቶግራፍና ልኬት ማገዛቸው እርግጥ ነው፤ ጭቃውን በትክክል አቡክተው ግድግዳውን ያቆሙት ግን ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ የከተማይቱ ግንበኞች ናቸው። ምስል ብቻ ቀርቶ ግንበኛ ባይኖር ኖሮ ቲምቡክቱ የፓሪሱን ዓይነት ትርኢት ብቻ ይዛ በቀረች ነበር።

በያዓም ከሚታየው የሚሰማውና የሚደረገው ይበልጣል። የቲጃንያ ሰዎች ወዚፋቸውን ነጭ ጨርቅ መሐል አንጥፈው ተሰብስበው ይቀራሉ፤ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ሐድራ አላቸው። በዚያራ ወቅት ለቀናት የተጓዘ ሰው በጉዞው የተራበውን፣ መንገድ ላይ የተቀበለውን ቤት፣ ለማን ዱዓ ሊያደርግ እንደመጣ ይዞ ይገባል። ካሜራው ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚያየው ግቢ፣ በርና ግድግዳ ነው። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ሥፍራ የሚሠራ ምናባዊ ጉብኝት ከምስሉ ይልቅ በድምፁ ላይ ሊደክም ይገባዋል። ድምፅን ከየአቅጣጫው ለይቶ የሚቀርጽ መሣሪያ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሆኗል። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው በስተግራው የመንዙማውን አውጪ፣ በስተቀኙ ተቀባዮቹን፣ ከኋላው የቤቱን ታሪክ በኦሮምኛ የሚተርኩትን አዛውንት ቢሰማ፣ ግድግዳው ትንሽ ደብዘዝ ቢል እንኳ አያጎድልበትም።

ወደ ሸሪዓው ጥያቄ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የሁለቱ ቅዱሳን መስጂዶች አስተዳደር ሐጀሩል አስወድን በምናባዊ እውነታ የሚያሳይ ውጥን በሳዑዲ ዓረቢያ አስጀመረ። ወዲያው ይህ እንደ ሐጅ ወይም እንደ ዑምራ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ በየአገሩ ተነሣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች ተቋም፣ ዲያነት፣ ጉዳዩን አይቶ ካዕባን በዚህ መንገድ ማየት ቢቻልም ሐጅ ሊባል ከቶ እንደማይችል አስታወቀ። መልሱ ለፊቅህ ተማሪ ግልጽ ነው፤ ሐጅ አካልን፣ ቦታንና ጊዜን የሚሻ ዒባዳ ነው። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ከፈርዱ ውጭ ያለው የዚያራ ጉዳይ ነው። በሩቅ ሆኖ ለሞተ ሰው ዱዓ ማድረግ ምንጊዜም ይቻላል፤ ለዚህ መነጽር አያስፈልግም። ዚያራ የሚባለው ግን በቦታው መገኘቱ ነው። ስለዚህ በመነጽር የሚገኘው ተዕሪፍ፣ ማስተዋወቅ፣ ቢባል እንጂ ዚያራ ሊባል አይገባም። ቃሉን መጠንቀቅ አለብን። «ምናባዊ ዚያራ» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ደካማ አዛውንትን ያታልላል፤ ነገ ደግሞ ለሥፍራው የሚሰጠውን ነዝር በስልክ ለመሰብሰብ ለሚያስብ ሰው በር ይከፍታል።

ለቀብር ዚያራ ጉዞ መነሣትን በራሱ የማይቀበሉ ወንድሞች እንዳሉም አንዘነጋም። ስለ ሦስቱ መስጂዶች ጉዞ የተላለፈውን ሐዲስ በመረጃነት ያቀርባሉ፤ ሌሎች ዑለማእ ደግሞ ሐዲሱን በሌላ መንገድ ተረድተውታል። ይህን ክርክር እዚህ ለመፍታት አንቃጣም። በአንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች ሊስማሙ ይችላሉ፤ ይኸውም እስልምና በምዕራብ ኢትዮጵያ እንዴት እንደተስፋፋ፣ ማን እንዳስተማረ፣ የትኛው ቤት ደረሳ እንዳበላ ማወቅ የታሪክ ዕውቀት መሆኑ ነው። ለዚህም ነው የመነጽሩ ሥራ በታሪክና በትምህርት ወሰን ውስጥ ይቆይ የምንለው። የከራማ ወሬን በምስል ለማጉላትም ሆነ ሥፍራውን ለማጣጣል መዋል የለበትም።

እንግዲህ ቢሠራ እንዴት ይሠራ? አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ሁለት ዓይነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ የሚጠይቀው የመንግሥት ፈቃድ አንዱ ነው። ሁለተኛው በወረቀት የማይሰጠው የቤቱ ሰዎች ፈቃድ ነው። እነርሱ ይህ ክፍል አይቀረጽ ካሉ አይቀረጽም፤ የኸልዋ ክፍል፣ የሴቶች ማረፊያ፣ በለቅሶና በዱዓ ላይ ያለ ሰው ፊት በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው ከካሜራው ውጭ መሆን ይኖርባቸዋል። አንዳንድ ባለሙያዎች ሁሉንም ቀርጾ ኋላ መምረጥ ይሻላል ይላሉ። አንስማማም፤ የተቀረጸ ነገር አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም።

ቅጂው የት ይቀመጣል የሚለውም ከባድ ጥያቄ ነው። የአፍሪካ ቅርስ ምስሎች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ገንዘቡን በሰጠው አገር ቋት ውስጥ ነው፤ የሥፍራው ልጅ የአያቱን ቤት ለማየት የይለፍ ቃል ይለምናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ለቤቱ ሰዎች፣ ሁለተኛው ነቀምት ውስጥ ለሚገኝ ተቋም፣ ለሙዚየሙ ወይም ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ይሰጥ እንላለን። ነቀምትን የመረጥነው መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ነው፤ ከጅማ በበደሌ በኩል የሚመጣውም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም፣ ከምዕራብ የሚወጣውም ያልፍባታል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ለሥፍራው ቅርብ እንደመሆኑ ድርሻው ሊዘነጋ አይገባም። በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ አቀራረብ ግን ለአካባቢው አይበጅም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ሁሉም ነገር በመነጽሩ ውስጥ ተጭኖ፣ ያለ መስመር፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ሊሠራ ይገባል። መነጽሩ ለማይስማማው ሰው ያው ነገር በተራ የስልክ መስታወት ላይ ይታይለት፤ ለማያይ ሰው ደግሞ ድምፁ ብቻውን የተሟላ ትረካ ይሁን።

ርቀት ሁልጊዜ በኪሎ ሜትር እንደማይለካም ልናስታውስ እንወዳለን። የቤኒሻንጉሉ ገዥ ሸይኽ ሖጀሌ አልሐሰን በአዲስ አበባ ጉለሌ ያሠሩት መኖሪያ በዋና ከተማችን ውስጥ እያለ ስንቱ ነዋሪ ያውቀዋል? እንዲህ ላለው ቤት መነጽር ከማጥለቅ በፊት ሄዶ በሩን ማንኳኳት ይቀድማል። ያዓ ግን በእርግጥ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ዛሬ ለሁሉም ክፍት አይደለም።

ካሜራው ሊጠብቅ ይችላል፤ መንገዱ ሲከፈት ግቢው እዚያው ይገኛል። ሊጠብቅ የማይችለው ምስክሩ ነው። ሸይኹ ባረፉበት ዓመት የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች በቤጊ፣ በመንዲ፣ በነቀምትና በጅማ በየቤታቸው አሉ፤ ለመንገድ አቅም ስለሌላቸው ያዓን ካዩ ዓመታት አልፈዋል። ድምፃቸውን ለመቅዳት ሌዘርም መነጽርም አያስፈልግም፤ አንድ የእጅ ስልክ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ የሚያውቅ ደረሳ፣ ቡና እስኪፈላ የሚታገሥ ሰውም ይበቃል። ይህ ሥራ ነቀምት ላይ፣ በዚህ ዓመት፣ ያለ ማንም የውጭ ገንዘብ ሊጀመር ይችላል፤ መነጽሩ በመጣ ጊዜም ውስጡ የሚሞላበት ነገር ይኖረዋል።